አይሮፕላኑን በማታ ፎቶግራፍ ስናነሳ

አይሮፕላን በሰማያችን ላይ ያልፋል። ድምፁን ሰምተን ቀና ስንል ከጭልፊት አይበልጥም። አንድ ቀን ስለ መጓጓዣ ስናስተምር አንዲት እናት «ልጆቼ፣ መሬት ላይ ሲቆም ምን ያህላል? በላዩስ ምን ተጽፎበታል?» ብለው ጠየቁን። አዲስ አበባ ስንሄድ ፎቶግራፉን እናመጣለን ብለን ቃል ገባን።

አውቶቡሳችን መንገድ ላይ ተበላሸና ከተማ የገባነው በምሽት ነው። የምንመለሰው ደግሞ በማግስቱ ጧት። አንድ አሮጌ አይሮፕላን ለዕይታ ከቆመበት ግቢ ስንደርስ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሆኖ ነበር። ዲሲ 3 ይባላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው በዚህ ዓይነት አይሮፕላን ነው። ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 29 ሜትር ያህል ነው። አፍንጫው ቀና፣ ጅራቱ ዝቅ ያለ ነው።

መብራቱ አስቸገረን። ሁለት ትልልቅ መብራቶች ከመሬት ወደ ላይ ያበራሉ። በፎቶግራፋችን ላይ ሆዱ እንደ በረዶ ነጣ፤ ጀርባውን ጨለማ ዋጠው። አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ እንደ መስተዋት ያንጸባርቃል። የካሜራውን ብልጭታ ብንጨምርበት ባሰው። በጎኑ ላይ የተጻፈው «ኢትዮጵያ» ጠፍቶ ነጭ ብቻ ሆነ። እንዴ! ፊደሉ ካልተነበበ ለእኚያ እናት ምን ይዘን እንሄዳለን?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጣራ ሥር ብዙ ትንንሽ ገንቦ ደርድራችሁ የዝናብ ውሃ ስታጠራቅሙ አስቡ። ካሜራም ብርሃንን የሚያጠራቅመው እንደዚሁ ነው። ማታ ብርሃኑ ጠብ ጠብ ስለሚል ዓይኑ ብዙ ሰከንድ ተከፍቶ መቆየት አለበት። ያኔ እጅ ከተንቀጠቀጠ ሥዕሉ ይደበዝዛል። የኛ ችግር ግን ድርብ ነበር። በመብራቱ በኩል ያለው ገንቦ ሞልቶ ሲፈስ፣ በጨለማው በኩል ያለው ገና ታቹ እንኳ አልረጠበም።

የግቢው ዘበኛ ሲያዩን ቆይተው «ልጆች፣ ሊነጋጋ ሲል ኑ። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ሳየው ነው የማድረው፤ የሚያምረው ያኔ ነው» አሉን። ዩኒቨርሲቲ የምንማረው እኛ፣ መላውን የነገሩን እሳቸው!

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ተመለስን። ሰማዩ ገርጣ ሲል የአይሮፕላኑ ጀርባም ብርሃን አገኘ፤ የመብራቱም ጉልበት ቀነሰ። ዘበኛው ጋቢያቸውን አውሰውን ድንጋይ ላይ አጥፈን ካሜራውን አስቀመጥንበት። በእጃችን እንዳናነቃንቀው ራሱ ቆጥሮ እንዲያነሳ አደረግነው። መጠኑ እንዲታወቅ «አባባ፣ ክንፉ ሥር ይቁሙልን፤ 4 ሰከንድ አይንቀሳቀሱ» አልናቸው። ቆሙልን። ግን ሳቃቸው መጣና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ስንመለስ መንገድ ላይ ባለች ከተማ ፎቶ ቤት አሳጠብነው። እናትየው ፎቶግራፉን ወደ በሩ ብርሃን ወስደው ጣታቸውን በፊደሉ ላይ አስኬዱ። «ኢ… ት… ዮ… ጵ… ያ።» ክፍሉ አጨበጨበ። እሳቸው ግን ገና አላበቁም።

«ይኼ ፊት የሌለው ሰውዬስ ማነው?» አሉን።