ልጆች የሚሠሩት ለማን ነው? የአገር ቤት ክረምትና የቨርጂኒያ ሰመር

በቨርጂኒያ ልጆቻችንን ቤት የምናስተምር ወላጆች በሰመር ሁለት ቀኖችን አንረሳም። የመጀመሪያው ኦገስት 1 ነው፤ ልጁ በዓመቱ ውስጥ መሻሻሉን የሚያሳይ የፈተና ውጤት ወይም ፈቃድ ያለው መምህር የጻፈው ግምገማ ለአካባቢው የትምህርት ጽሕፈት ቤት መግባት ያለበት እስከዚያ ቀን ነው። ሁለተኛው ኦገስት 15 ነው፤ በሚመጣው ዓመትም ቤት እንደምናስተምር፣ ምን ምን ትምህርት እንደምንሰጥም ዘርዝረን የምናሳውቅበት። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 25 እና ነሐሴ 9 ይውላሉ። ከዚያ አራት ቀን አልፎ ቡሄ ይመጣል። እኔ ልጽፍ የተነሣሁት ስለዚህ ሦስተኛ ቀን ነው። ልጆቼ በሰመር በእጃቸው ከሚጀምሩት ነገር ሁሉ ሳይጎተጎቱ የሚጨርሱት ለቡሄና ለእንቁጣጣሽ የሚሆነውን ነውና።

እዚህ አገር ሆምስኩል የሚያደርጉ ቤተሰቦች ለእጅ ሥራ ትልቅ ቦታ ይሰጣሉ። በየመደብሩ የልጆች የእጅ ሥራ ዕቃ በሳጥን ተዘጋጅቶ ይሸጣል፤ ወፉ፣ ሮኬቱ፣ አምባሩ ተለክቶ፣ ተቆርጦ፣ ሙጫው ሳይቀር ተጨምሮ፣ መመሪያው በተራ ቁጥር ተጽፎለት። ልጁ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል። እናት ፎቶ አንሥታ ለዓመቱ ማኅደር ታስቀምጣለች፤ ወፉ ማቀዝቀዣው በር ላይ ጥቂት ቀን ይሰነብትና ይጣላል። ወላጆቹን አልነቅፍም። ጊዜያቸውንና ጉልበታቸውን ለልጆቻቸው የማይሰስቱ ሰዎች ናቸው፤ እኔም ከእነሱ ብዙ ተምሬአለሁ። ግን ያ ወፍ ለማን ተሠራ? ማን ይጠብቀው ነበር? ማንም። ልጁም ይህን ያውቃል።

ያደግሁት ደሴ ነው። በሐምሌ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ይውላል፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ግማሾቻችን ጠዋት ጠዋት ቄስ ትምህርት ቤት፣ ግማሾቻችን መድረሳ እንሄዳለን። ዝናቡ ጋብ ሲል ሁላችንም አንድ ሜዳ ላይ እንገናኛለን። መጫወቻ የሚገዛልን ስላልነበረ የምንጫወትበትን ሁሉ እንሠራዋለን። ኳሱ ካልሲ ነው፤ ውስጡ ጨርቅና ፌስታል ተጠቅጥቆ በሲባጎ ይታሰራል። ሴቶቹ ከጭቃ ምጣድና ጀበና አበጅተን እቃቃ እንጫወታለን፤ ከልብስ ቅዳጅ አሻንጉሊት እንሰፋለን። ቆርኪ በድንጋይ ይጠፈጠፍና መሐሉ ሁለት ቦታ ተበስቶ ክር ይገባበታል፤ ክሩ ሲሳብና ሲላላ እየጮኸ ይሽከረከራል። ለሰኞ ማክሰኞ አንድ ቁራጭ ከሰል ይበቃል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የሽቦ መኪናው ነበር። ወንዶቹ ቤት ከሚሠራበት ቦታ የወዳደቀውን ሽቦ ይለቅማሉ። መጀመሪያ ሻንሲው ይታጠፋል፣ ከዚያ ጋቢናው፤ ጎማው ከአሮጌ ሸበጥ በክብ ይቆረጣል ወይም ከቆርኪ ይሠራል። አስቸጋሪው መሪው ነው። ልጁ ቆሞ፣ እየሮጠ ነው የሚነዳው፤ ስለዚህ እጁ ላይ ካለው ክብ መሪ ተነሥቶ እስከ ፊት ጎማዎች የሚወርድ ረጅም ሽቦ ያስፈልጋል። መሪው ሲዞር የፊቶቹ አብረው ይዞራሉ፣ የኋላዎቹ ቀጥ ብለው ይከተላሉ። ይህን ያሳያቸው አዋቂ አልነበረም። ትልቁ ልጅ ለመካከለኛው፣ መካከለኛው ለትንሹ ያሳየዋል። ትንሹ መጀመሪያ ሽቦ ያዥ ነው፤ በሚቀጥለው ክረምት ጎማ ቆራጭ ይሆናል፤ ሌላ ክረምት ሲመጣ የራሱን መኪና ይነዳል። እዚህ ልጆቻችን በሰመር ካምፕም ሆነ በክፍል በዕድሜ እኩዮቻቸው ብቻ ተከበው ሲውሉ ሳይ በጣም የሚቆጨኝ ይኼኛው ነገር ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ከስምንት ዓመት ልጅ ሽቦ ማጠፍ አይማርም።

እንግሊዛዊው አርቲስት ሳይመን ኒኮልሰን እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው ጽሑፍ የልጆች ፈጠራ የሚወሰነው በዙሪያቸው ሊነሣ፣ ሊጣመር፣ ሊለዋወጥ የሚችል ነገር ምን ያህል በመኖሩ ነው ብሎ ነበር። ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች ይህን ሐሳብ ይወዱታል፤ ካርቶን፣ እንጨት፣ ቁልፍ፣ ገመድ በቅርጫት ሞልተው ለልጆቻቸው ያስቀምጣሉ። ትክክል ናቸው፣ እኔም አስቀምጣለሁ። ነገር ግን ደሴ ላይ ያየሁት በቅርጫቱ ብቻ አይገለጽም። ዕቃው ነበረ፤ የሚያሳይ ትልቅ ልጅም ነበረ፤ ከሁለቱ በላይ ደግሞ ቀጠሮ ነበረ።

ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። ጅራፉ ከዚያ በፊት ተገምዶና ተፈትኖ መድረስ አለበት፤ ሆያ ሆዬ የሚጨፍረው ቡድንም ለየቤቱ የሚስማማውን ግጥም አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ እናቶች ሙልሙሉን ይጋግራሉ። ነሐሴ 16 በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ይደርሳል፤ ልጃገረዶቹ ከወገባቸው የሚያስሩትን ለምለም ቅጠል አስቀድመው ያሰናዳሉ። በጎጃም አዲሱ ዓመት ሲቃረብ እንግጫ ተነቅሎ ይጎነጎናል። መስከረም 1 ሴቶቹ አደይ ይዘን አበባየሆሽ እንላለን፤ ወንዶቹ በውሃ ቀለም የሣሉትን አበባና መልአክ ይዘው በየቤቱ ያዞራሉ። ሥዕሉ ነሐሴ ላይ ነው የሚጀመረው። ልጁ በሰፈሩ ስንት ቤት እንዳለ ይቆጥራል፣ ያን ያህል ወረቀት ከደብተሩ ይገነጥላል፤ እጇ ለማይታጠፍ ጎረቤት ያማረውን ለይቶ ያስቀምጣል። ቀለሙ እንዳያልቅበት ያብቃቃል፤ ወረቀቱ ዝናብ እንዳይነካው ይጠነቀቃል። ይህ ሁሉ ዕቅድ ነው፣ ሒሳብ ነው፣ ሰውን ማወቅም ነው፤ ያለ መምህር፣ ያለ ማርክ።

ጅራፉ ካልጮኸ ሰፈር ሁሉ ያውቃል። ሥዕሉ ካላማረ ሳንቲሙ ያንሳል። ልጁ የሠራው ነገር ከእጁ ወጥቶ ሰዎች ዘንድ ይደርስ ነበር፤ ሰዎቹም ይጠብቁት ነበር። የእጅ ሥራ ለልጅ ትርጉም የሚኖረው በዚህ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ነው በሳጥን የሚሸጠው ወፍ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ልጄን ሁለተኛ ጊዜ የማያስነሣው።

እኛ ቤት ታዲያ ሰመሩን የምናቅደው ከእነዚህ ቀኖች ወደ ኋላ እየቆጠርን ነው። ጅራፍ መግመድ በልጅነቴ የወንድ ሥራ ተብሎ ስለነበር እኔ አልተማርሁትም፤ መምህሩ አባቴ ናቸው፣ ከደሴ በቪዲዮ። የቃጫ ገመድ እዚህ ከየትኛውም የቤት መሥሪያ ዕቃ መደብር ይገኛል። ልጄ ገመዱን ፈትቶ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቁሞ ሲጀምር አባቴ አስቆሙት።

«ወዴት ነው የምታከርረው የኔ ጌታ?»

«ወደ ቀኝ ነው አባባ።»

«ደግ። ሁለቱንም ክሮች ወደ ቀኝ አክርራቸው። ስታጣምራቸው ግን ወደ ግራ ገምዳቸው።»

«ለምን ወደ ግራ?»

«እስቲ ሁሉንም ወደ ቀኝ ገምደህ ልቀቀው።»

ገመደው፤ ለቀቀው፤ ተተረተረ። እንደገና ወደ ግራ ሲገምደው ቆመ። እያንዳንዱ ክር ወደ መጣበት ሊፈታ ሲታገል ጥምሩ በተቃራኒው ይይዘዋል፤ ገመድ ሁሉ የሚጸናው በዚህ ነው። አባቴ ይህን በቃላት አላብራሩለትም፤ እጁ እንዲያየው አደረጉ።

ከዚያ ጥያቄው ተከታትሎ መጣ። ጅራፍ ከመያዣው ወፍሮ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄደው ለምንድን ነው? ለምንስ ይጮሃል? ቤተ መጻሕፍት ሄደን አነበብን። ክንድ የሰጠው ጉልበት ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ፣ ከከባዱ ወደ ቀላሉ ሲተላለፍ ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ከድምፅ ይፈጥናል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው። የምንሰማው ጩኸት የጅራፉ ጫፍ ይህን ፍጥነት ሲያልፍ አየሩ የሚሰጠው ድምፅ ነው፤ ከድምፅ የሚፈጥን አውሮፕላን ሲያልፍ የሚሰማው ፍንዳታም ከዚሁ የመጣ ነው። የደሴ እረኞችና ልጆች ይህን ቁጥር ሳያውቁ ጫፉን ማቅጠን ያውቁ ነበር። ልጄ ጅራፉን በሴንቲ ሜትርም በኢንችም ለክቶ ሥዕሉን ሠራ፤ ያ ወረቀት ለቀጣዩ ኦገስት 1 ማኅደር ውስጥ ገብቷል።

አንድ ነገር ግን ልናገር፤ ድምፁ ጥይት ይመስላል። በዚህ አገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሰፊ ሜዳ ምረጡ፣ ለጎረቤት አስቀድማችሁ ንገሩ፣ ለልጆቹ የዓይን መከላከያ አድርጉላቸው።

ገበጣም እንዲሁ ወደ ቤት ትምህርታችን ገባ። እዚህ የሚሸጠው የእንቁላል ካርቶን በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ አለው። በየጉድጓዱ አራት አራት ባቄላ ሲገባ 48 ይሆናል፤ ትንሿ ልጄ ማካፈልን የተረዳችው በዚህ ነው። በየአካባቢው ሕጉ ይለያያል፤ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚታወቁትን የገበጣ ዓይነቶች ሰብስበው ሰፊ ጽሑፍ አውጥተዋል። እኛ በአባቴ ሕግ እንጫወታለን።

ለእንቁጣጣሽ ልጆቼ ሁለቱም ይሥላሉ፤ ሴት ወንድ የለም። ሥዕሉ ላይ መልካም ምኞቱን በአማርኛ ይጽፋሉ፤ ዓመተ ምሕረቱንም በግዕዝ ቁጥር። 2018ን ፳፻፲፰ ብሎ መጻፍ ልጅ ከሚያስበው በላይ ያስተምራል፤ ዜሮ የሌለው ቁጥር ነውና ሃያውን በመቶ፣ አሥሩን በስምንት ጎን ማሰለፍ አለበት። ተቀባዮቹ የቤተ ክርስቲያናችን አረጋውያንና ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ፊደል የማያውቁት አሜሪካውያንም ሳይቀሩ መስከረም ሲጠባ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ አይቻለሁ።

አገር ቤት ሁሉም ነገር የተሻለ ነበር እያልሁ አይደለም። ክረምት ለገበሬው ልጅ ዕረፍት አልነበረም፤ አረም አለ፣ ከብት ጥበቃ አለ፤ ዋሽንቱን የሚበሳውም እዚያው ከብቶቹ ዘንድ ሆኖ ነበር። ሽቦ መኪናውን ሴት ልጅ አትነካውም። እኛ በክረምት የምናነበው መጽሐፍ አልነበረንም፤ እዚህ ግን ልጆቼ በነፃ ካርድ የፈለጉትን ያህል መጽሐፍ ተሸክመው ይመለሳሉ፣ ቤተ መጻሕፍቱም በሰመር ለሚያነብ ልጅ ልዩ ፕሮግራም ያዘጋጃል። ይህን ከልቤ አመሰግናለሁ። አገር ቤትም ነገሩ እየተለወጠ ነው። በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲከፈት ደስ ብሎኛል። በሌላ በኩል የኮንዶሚኒየም ልጅ ሜዳ አጥቷል፤ ክረምቱ በማጠናከሪያ ትምህርትና በስልክ እያለቀ ነው። የሽቦ መኪና የሚያሳየው ትልቅ ልጅ አጠገቡ ከሌለ አዲስ አበባ መሆንና እዚህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ መሆን ልዩነቱ ጠባብ ነው።

አውሮፓ ያላችሁ አንባቢዎች ይህ ጽሑፍ እናንተን የማይመለከት እንዳይመስላችሁ። ጀርመን ልጅን ትምህርት ቤት ሳይልኩ ቤት ማስተማርን አትፈቅድም፤ ስዊድንም እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው የትምህርት ሕግ ልዩ ምክንያት ለሌለው ቤተሰብ በሩን ዘግታለች። ሰመሩ ግን የእናንተ ነው። ቡሄና እንቁጣጣሽ ደግሞ የማንንም ፈቃድ አይጠይቁም።

ዘንድሮ ቡሄን የምታከብሩ ወላጆች ሆይ፣ የተሠራ ጅራፍ አትግዙላቸው። ሐምሌ ሲገባ የቃጫ ገመድና ዱላ ስጧቸው፤ የጎረቤቱን ትልቅ ልጅ ጥሩላቸው፤ አያታቸውን በስልክ አገናኟቸው፤ ነሐሴ 13 ቀን የሚያጮሁበትን ሜዳ ከወዲሁ ፈልጉላቸው።