ፕሮሰሰሩ ሰነፍ አልነበረም

በ2010 ዓ.ም. የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ከትምህርት ቤት መልስ አጎቴ ቪዲዮ ቤት እውል ነበር። ገዳሪፍ ውስጥ የሚኖር ሐበሻ ሠርግ፣ ክርስትና ወይም ተዝካር ሲኖረው አጎቴን ይጠራል። ሥራው የሚቀናበረው ከካርቱም ተገዝቶ በመጣ አንድ ያገለገለ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ነበር። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ኮር አይ5-2500ኬ ይባላል፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ለገበያ የወጣ፣ 3.3 ጊጋኸርዝ ፍጥነት ያለው ነው።

ችግራችን መብራት ነበር። የሁለት ሰዓት ሠርግ ተቀናብሮ ካለቀ በኋላ ወደ አንድ ፋይል ለመለወጥ፣ ማለትም ሬንደር ለማድረግ፣ ኮምፒውተሩ አምስት ሰዓት ይፈጅበታል። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት ደግሞ መብራት ሳይጠፋ አምስት ሰዓት ማግኘት ዕድል ይጠይቅ ነበር። አራት ሰዓት ከተሠራ በኋላ ድርግም ሲል ሁሉም እንደገና ይጀመራል። እኔም «ይህ ማሽን ሰነፍ ነው» ብዬ ደመደምኩ።

የዚያን ዓመት የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት አንድ ሠርግ ቀረጽን። የሙሽራዋ እናት በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሐሙስ ንጋት ላይ፣ በጋላባትና በመተማ አድርገው ወደ ጎንደር ሊሄዱ ነበር። የሙሽራዋ አያት እግራቸውን ስለሚያማቸው ለሠርጉ መምጣት አልቻሉም፤ ቪዲዮውን በፍላሽ ይጠብቃሉ። አጎቴ ሳምንት ሙሉ ሲያቀናብሩ ሰንብተው ማክሰኞ ጨረሱ። ለሌላ ሥራ ወደ ዶካ ሲወጡ «ማታ ሬንደሩን አስነሣው። ሌላ ነገር እንዳትነካ» አሉኝ።

ነካሁ።

በፕሮሰሰሩ ስም መጨረሻ ላይ ያለው «ኬ» ፍጥነቱ ለተጠቃሚው ክፍት መሆኑን ያመለክታል። መሠረቱ 100 ሜጋኸርዝ ነው፤ በ33 ሲባዛ 3.3 ጊጋኸርዝ ይሰጣል። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ባዮስ የሚባለው ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ 33ቱን በሌላ ቁጥር መተካት ይቻላል። ኦቨርክሎክ የሚሉት ይህንን ነው። እኔ በአንድ ጊዜ 44 አደረግሁት። ዊንዶውስ ሲከፈት «4.4» የሚለውን ቁጥር አይቼ ብቻዬን ጨፈርኩ።

ሬንደሩ በተጀመረ በሃያ ደቂቃ ሰማያዊው ስክሪን መጣና ኮምፒውተሩ ቆመ። ደግሜ ሞከርኩ፤ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ቆመ። «ካልተረጋጋ ቮልቴጁን ጨምር» የሚል ምክር አንብቤ ስለነበር ከ1.2 ወደ 1.4 ቮልት ከፍ አደረግሁት። አሁን አራት ደቂቃ ብቻ ሠራ። በንዴት ራሙንም አፈጠንኩት። ከዚያ በኋላ ማራገቢያው ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ሰዓቱ ከሌሊቱ ስድስት ሆኖ ነበር።

መፍትሔው ከማዘርቦርዱ ላይ ያለች የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ነበረች። ገመዱን ከሶኬት ነቅዬ፣ ባትሪዋን አውጥቼ፣ ጥቂት ቆይቼ መለስኳት። ባዮሱ የነገርኩትን ሁሉ ረስቶ ወደ ድሮው ተመለሰ፤ ኮምፒውተሩም ተነሣ። የአጎቴ የቅንብር ፋይል ግን አልከፈት አለ። በአንዱ ብልሽት መካከል ተበላሽቷል። የተቀረጹት ምስሎች አሉ፤ የሳምንት ድካማቸው ግን የለም።

ሲነጋ ዶካ ደወልኩ። አጎቴ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ቀጥለውም «የነካኸውን ሁሉ በተራ በወረቀት ጻፍና ጠብቀኝ» አሉኝ።

ስጽፍ ነው ጥፋቴ የገባኝ። ሦስት ነገር ለውጫለሁ፤ አንዱንም ለብቻው አልሞከርኩም። ከመጀመሬ በፊት ደግሞ ሙቀቱ ስንት እንደሆነ አላየሁም። ሙቀት የሚያሳይ ፕሮግራም ከፍቼ ኮምፒውተሩን በጥንቱ 3.3 አሠራሁት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ 97 ዲግሪ ደረሰ፤ ፍጥነቱም እያየሁት ከ3.3 ወደ 2 ወረደ። ይህ ፕሮሰሰር 98 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እንዳይቃጠል በራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሰነፍ ያልኩት ማሽን ለካ ታፍኖ ነበር።

አጎቴ እኩለ ቀን ላይ ሲመጡ አብረን ከፈትነው። የገዳሪፍ መረሬ በበጋ ተሰነጣጥቆ የሚያነሣውን ብናኝ ታውቁታላችሁ፤ ከፕሮሰሰሩ በላይ ባለው የብረት ማቀዝቀዣ ክንፎች መካከል እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባትም ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። ማቀዝቀዣውን ጎሚስታ ወስደን በኮምፕሬሰር አስነፋነው። ቅባቱን ከሞባይል ጠጋኝ ገዝተን አዲስ ቀባን።

በኋላ ሒሳቡን ሠራሁት። የፕሮሰሰር ሙቀት ከፍጥነቱ ጋር በእኩል ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ነው። ፍጥነቱን በሲሶ፣ ቮልቴጁን ከ1.2 ወደ 1.4 ስጨምር፣ ሙቀቱን በ80 በመቶ ገደማ ጨምሬበታለሁ፤ ያውም ቀድሞውኑ ለታፈነ ፕሮሰሰር። ማራገቢያም ቢሆን ከክፍሉ አየር በታች ሊያቀዘቅዝ አይችልም። ምክሩን የጻፈው ሰው ክፍል 22 ዲግሪ ቢሆን፣ የእኛ ሱቅ ቀን 42 ነው፤ ሌሊትም ከ30 አይወርድም። በ2011 እ.ኤ.አ. አንድ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር 8.4 ጊጋኸርዝ አልፎ የዓለም ክብረ ወሰን ሲይዝ፣ የቀዘቀዘው እስከ ፈሳሽ ሂሊየም በደረሰ ብርድ ነው። እኔ ያንን በገዳሪፍ ሚያዝያ ልሞክር ነበር።

ሐሙስ ንጋት ላይ አጎቴ «ሄደህ አንተው ንገራቸው» ብለው ወደ መናኸሪያ ላኩኝ። የሙሽራዋ እናት ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «እትዬ፣ ቪዲዮው አልደረሰም፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። አልተቆጡም። «ታዲያ ለእናቴ ምን ብዬ ልንገራት ልጄ?» ብቻ አሉኝ። የሚመለስ ቃል አጣሁ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሦስት ሌሊት ከአጎቴ ጋር ቁጭ ብዬ ሠርጉን እንደገና አቀናበርን። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉኝ አንድ ጊዜ፤ ሌላ አልጨመሩም። ሬንደሩን ለአራት ከፍለን አደረግነው፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ የምናጣው አንዱን ክፍል ነው። ማሽኑ ያለ ምንም ኦቨርክሎክ፣ በዚያው በ3.3፣ ድሮ አምስት ሰዓት የሚፈጅበትን ሥራ ከሦስት ሰዓት ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ጨረሰው። ፍላሹ እሑድ ዕለት በአንድ ሾፌር እጅ ሄደ።

ኦቨርክሎክን አልተውኩትም። በታኅሣሥ፣ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ አጎቴን አስፈቅጄ ከ33 ወደ 34፣ ከዚያ ወደ 35 እያልኩ፣ ቮልቴጁን ሳልነካ ሄድኩ። በየደረጃው አንድ ሰዓት አሠራዋለሁ፣ ሙቀቱን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። 38 ላይ አቆምኩ። በመጋቢት ሙቀቱ ሲመለስ ወደ 33 መለስኩት።

ዛሬ ሰው «ኮምፒውተሬ ተንቀርፍፏል፣ አፍጥንልኝ» ሲለኝ ቁልፍ ሰሌዳውን አልነካም። መጀመሪያ እጄን ከኋላው አድርጌ የሚወጣው አየር ይሞቅ እንደሆነ፣ ጨርሶስ ይወጣ እንደሆነ እዳስሳለሁ።