ሐዋሳ፣ ታብሌትና የአክስቴ ሣጥን

ሐዋሳ ለሥራ ትመቻለች። ይህን የምለው ሦስት ሳምንት ተቀምጬ ስለሠራሁባት ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከተማዋ ሜዳ ላይ ናት፣ ጎዳናዋ ሰፊ ነው፣ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ባጃጅ ያደርሳችኋል። በ2012 ዓ.ም. የሲዳማ ክልል ሲመሠረት ዋና ከተማው ሆነች። (ዓመተ ምሕረቱ ግራ ለሚያጋባችሁ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 2020 ማለት ነው።) ከሁሉም በላይ ግን ሐይቅ አላት። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። እንዲያም ሆኖ ውኃው ጨዋማ አይደለም።

እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን ጀርመን አገር ተምሬ እዚያው ቀረሁ። አሁን ቋሚ መሥሪያ ቤት የለኝም፤ በየሥራው እየተዋዋልኩ እሠራለሁ፤ ፍሪላንስ የሚሉት ነው። አለቃ የለኝም፣ ቀነ ገደብ ግን አለኝ። ቀነ ገደብ ማለት ሥራው የግድ ማለቅ ያለበት ቀን ነው። አንዱ ቀነ ገደብ ሐዋሳ ላይ ደረሰብኝ።

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት በሚኒባስ ነው። ሞጆ፣ መቂ፣ ዝዋይ፣ ሻሸመኔ እያልን ወረድን። መቂ አካባቢ መንገድ ዳር ቲማቲምና ሽንኩርት ይሸጣል፤ ተሳፋሪው ግማሹ ወርዶ ገዛ፤ እኛም ጠበቅን። ቦርሳዬ ከሁለት ኪሎ አይበልጥም ነበር፦ አንድ ታብሌት፣ አንድ ተጣጣፊ ኪቦርድ፣ አንድ ፓወር ባንክ። ላፕቶፔን ጀርመን ትቼው መጣሁ።

«በታብሌት እንዴት ፕሮግራም ይጻፋል?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ከባዱን ሥራ የሚሠራው ታብሌቱ አይደለም። ፍራንክፈርት ውስጥ በወር የምከራየው ኮምፒውተር አለ፤ ሰርቨር ይባላል። ታብሌቱ ለእኔ መስኮት ነው፤ እጄን በመስኮቱ አስገብቼ እዚያ ባለው ኮምፒውተር እሠራለሁ። የሚመላለሰው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ቀጭን ኔትወርክም ይበቃዋል። ሞሽ የሚባል ፕሮግራም ደግሞ አለ፤ ኔትወርኩ ጠፍቶ ሲመለስ ካቆማችሁበት ያስቀጥላችኋል። መንገድ ላይ ጨርሶ ኔትወርክ በሌለበት ደግሞ ታብሌቱ ላይ እጽፍና የሥራውን ታሪክ በጊት እመዘግባለሁ። ጊት ለመመዝገብ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ወደ ሌላ ቦታ ሲልክ ብቻ ነው።

መብራት ይጠፋል። እዚህ ላይ አንድ አማርኛ ያዙ፦ «መብራት ጠፋ» ሲባል ቀትር ላይም ቢሆን ኤሌክትሪክ ተቋረጠ ማለት ነው። ላፕቶፕ ቢሆን ኖሮ ይቸግረኝ ነበር፤ ታብሌት ግን ከአንድ ጥሩ ፓወር ባንክ ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል። የአውሮፓ ባለ ሁለት ክብ ጥርስ መሰኪያ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራል። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የምትመጡ ግን ማገናኛ ይዛችሁ ኑ።

ሰዓቱንም ልብ በሉ። የጀርመኑ ደንበኛዬ ሥራውን በእነሱ ማታ 6 ሰዓት ይፈልገው ነበር። አዲስ አበባና በርሊን በአውሮፓ በጋ የአንድ ሰዓት ልዩነት አላቸው፤ ስለዚህ ለፈረንጅ ሰዓት 7፣ ለእኛ ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ግድግዳው ላይ ባለው የአክስቴ ሰዓት ሳሰላ ሁለቴ አረጋግጬ ነው።

አክስቴ የሚኖሩት ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ሰፈር ነው። አባታቸው፣ ማለትም አያቴ፣ ከአዲስ አበባ ሞያሌ የጭነት መኪና ይነዱ ነበር። ሐዋሳ በዚያው መንገድ ላይ ናት፤ ቤተሰቡም እዚህ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። አክስቴ አልጋቸው ሥር አንድ የእንጨት ሣጥን አለ፦ የአያቴ መንጃ ፈቃድ፣ ደብዳቤዎች፣ ጠርዛቸው የተበላ ፎቶግራፎች። የሁሉም ቅጂ አንድ ብቻ ነው። እርጥበቱ ጀምሯቸዋል። ፎቶ እያነሣሁ ክላውድ ላይ ላስቀምጥልዎ አልኳቸው። ክላውድ ማለት ደመና ነው ብዬ ተረጎምኩላቸው።

«ደመናው የማን ነው?» አሉኝ።

«የአንድ ኩባንያ። ኮምፒውተሮቹ አውሮፓ ናቸው።»

«እንግዲያ የአባቴን ፎቶ ሰው ቤት ልታስቀምጠው ነው በለኛ! ቁልፉስ ማን ጋ ሊሆን ነው?»

ስንት የተማረ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ የቤተሰቡን ፎቶ ሁሉ ይሰቅላል። ለአክስቴ እንዲህ ብዬ አስረዳኋቸው፦ ፎቶው ከታብሌቱ ከመውጣቱ በፊት ይቆለፋል፤ ኩባንያው የሚያየው የተቆለፈ ዕቃ ብቻ ነው፤ ቁልፉ ረጅም የይለፍ ቃል ነው፤ እሱም እኔና እርስዎ ጋ ብቻ ይሆናል። ትንሽ አሰቡና ተስማሙ። ቃሉን በወረቀት ጻፍኩላቸው፤ ከሣጥኑ ክዳን ሥር ለጠፉት።

አንድ ነገር ደግሞ ነገርኳቸው፤ ለእናንተም ይጠቅማል። ስልካችሁና ክላውዱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ብቻ ካደረጋችሁ፣ ያ መጠባበቂያ አይባልም። ከአንዱ ስታጠፉ ከሌላውም ይጠፋል። መጠባበቂያ የሚባለው የትናንቱን፣ የባለፈውን ሳምንት ቅጂ ጭምር የሚይዘው ነው።

ማክሰኞ ጠዋት አክስቴ ቡና አፍልተው ሲጨርሱ፣ ሳልጠይቃቸው፣ አያቴ መኪና መንዳት ለምን እንዳቆሙ መናገር ጀመሩ። ፈቃድ ጠይቄ በታብሌቱ ቀዳሁት። 50 ደቂቃ ፈጀ። ምን እንዳሉ እዚህ አልጽፍም፤ የእሳቸው ነው። ሲጨርሱ «ይህን ሁለተኛ አልናገረውም» አሉና ስኒዎቹን ሰበሰቡ። የዚያን ዕለት ኔትወርኩ ደካማ ስለነበረ ድምፁ ወረፋ ይዞ ቀረ።

ከምሳ በኋላ አሞራ ገደል ወረድኩ። የዓሣ ገበያው እዚያ ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች ዓሣ አራጆቹን ከበው የሚጣልላቸውን ይጠብቃሉ። ቁመታቸው ከልጅ ይስተካከላል፤ ሲራመዱ ደግሞ ኮት የለበሱ ሽማግሌዎች ይመስላሉ። የዓሣ ጥብስ በዳጣ አዝዤ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩና ሥራዬን ቀጠልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ አራት ሰዓት ቀርቶኛል። ዳቦው ከዓሣው ቀድሞ መጣ። አንዲት ጦጣ ከቅርንጫፉ ዘልላ ዳቦውን ነጠቀችና በታብሌቱ ላይ ተረማምዳ ሄደች። ታብሌቱ ድንጋይ ላይ በፊቱ ወደቀ። አሳላፊው ልጅ ሮጦ መጥቶ አነሣው። መስተዋቱ እንደ ሸረሪት ድር ሆኗል፤ ግማሹ ጠቁሯል፤ ስነካው አይሰማም።

«አይዞህ ወንድሜ፣ ትናንት የአንዱን መነጽር ወስዳለች» አለኝ።

ስለ ሥራው ብዙ አልደነገጥኩም። ባጃጅ ይዤ ወደ አክስቴ ቤት በረርኩ። የአክስቴ ልጅ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ ላፕቶፑን ሰጠኝ። የመግቢያ ቁልፎቼ ቅጂ ፍላሽ ላይ ተቆልፎ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ለሁለተኛው ማረጋገጫ የሚሆኑትን ቁጥሮች ደግሞ በወረቀት ጽፌ ኪሴ ውስጥ እይዛለሁ። ፍራንክፈርት ያለውን ኮምፒውተር ስከፍተው በግማሽ የተወው መስመር በግማሹ እንዳለ ጠበቀኝ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ40 ላይ ጨርሼ ላክሁ።

ያስጨነቀኝ ድምፁ ነው። እሱ ያለው በተሰበረው ታብሌት ውስጥ ብቻ ነበር። አክስቴ ምንም አላሉም፤ እራት ላይ ግን ከወትሮው ዝም ብለዋል።

በማግሥቱ ፒያሳ አካባቢ ወደ አንድ ስልክ ጠጋኝ ሄድኩ። ሱቁ ከቁም ሣጥን አይሰፋም። ልጁ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ታብሌቱን አገላብጦ አየና «መስተዋቱ እንጂ ልቡ ደህና ነው» አለኝ። ከዚያ ከመሳቢያው ማገናኛና አሮጌ ማውስ አውጥቶ ሰካበት። ባልጠቆረው በኩል ቀስት ታየ። የታብሌቱን መክፈቻ ቁጥር በማውሱ እየጠቆምኩ አስገባሁ፤ ተከፈተ። የጠየቀኝ ገንዘብ ትንሽ ስለነበር ጨምሬ ሰጠሁት፤ ማውሱንም አውሶኝ ሄድኩ። ድምፁ 50 ሜጋባይት ያህል ነበር። ሌሊት ሰው ሲተኛ ኔትወርኩ ይሻላል፤ ዶሮ ሳይጮህ አልቆ ነበር።

ጠዋት ለአክስቴ ነገርኳቸው፦ አንዱ ደመናው ላይ፣ አንዱ ፍላሽ ላይ፣ አንዱ ስልኬ ላይ።

«ከስልክህ አጥፋው» አሉኝ። «ስልክ መናኸሪያ ላይ ይሰረቃል።»

የስልኬም ተቆልፏል ልላቸው አሰብኩ፤ ተውኩትና እያዩኝ አጠፋሁት። ፍላሹን ተቀብለውኝ በነጠላ ቁራጭ ጠቀለሉት፤ ሣጥኑን ከፍተው ከአባታቸው መንጃ ፈቃድ ጎን አኖሩት።