ለልጄ፦ ታይምላይን ላይ አንዲቷን ፍሬም ስለ ማግኘት

ቪዲዮ የሚቆረጠው በፍሬም ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በቴሌቪዥን ሥርጭት የተለመደው የፓል አሠራር በሰከንድ 25 ፍሬም ይቆጥራል፤ ስለዚህ አንዷ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ትቆያለች። ለዓይን ኢምንት ናት። የሰው ንግግር ለሚቆርጥ ግን ብዙ ነች፤ በኤዲተርነት እንጀራውን ሊበላ ከቤት የወጣ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ማወቅ ይገባዋል። «ገና» የሚለው ቃል ጠብቆ ሲነገር በዓሉ ነው፤ ላልቶ ሲነገር «እስካሁን» ማለት ነው። ልዩነቱ የ«ና» ድምፅ ትንሽ ረዘም ብሎ መቆየቱ ነው። እዚያ መሀል ገብቶ ሁለት ፍሬም የሚያነሳ ኤዲተር ተናጋሪውን ያላለውን ሊያስብለው ይችላል። የአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ደግሞ የባሰ ጥንቃቄ ይጠይቃል። «ገንዘቡን ወስዷል አልልም» ያለ ሰው «ወስዷል» ላይ ከተቆረጠ ያልመሰከረውን መስክሮ ይወጣል። ይህ የሰው ስም ጉዳይ ነው።

የፍሬሟን አድራሻ የሚነግረው ታይምኮድ ነው። 00:12:07:18 ሲል ሰዓቱን፣ ደቂቃውን፣ ሰከንዱንና ፍሬሙን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። በ25 አሠራር የመጨረሻው ጥንድ 24 ሲደርስ ቀጥሎ ሰከንዱ ይጨምራል። ለአሜሪካ ጣቢያ የሚሠራ ሰው 29.97 ፍሬም ያጋጥመዋል። እዚያ ድሮፕ ፍሬም የሚባለው አቆጣጠር ከየ10ኛው ደቂቃ በስተቀር በየደቂቃው መጀመሪያ ሁለት ቁጥር ይዘላል። የሚዘለለው ቁጥሩ ብቻ ነው፤ ምስል አይጠፋም። ባይዘለል ታይምኮዱ በሰዓት 108 ፍሬም፣ ማለትም 3.6 ሰከንድ ያህል፣ ከግድግዳው ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል።

ታይምላይኑ ላይ ያለንበትን ቦታ የሚያሳየውን መስመር፣ ፕሌይሄዱን፣ በማውዝ መጎተት ሰፈሩን ለማግኘት ይበቃል፤ ቤቱን ግን አያገኝም። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው፦ የአንድ ሰዓት ሥራ 90,000 ፍሬም ነው፤ 1,800 ፒክስል ስፋት ላይ ሲዘረጋ አንድ ፒክስል 50 ፍሬም ይሸፍናል። የእጅ ትንሽ መንቀጥቀጥ ሁለት ሰከንድ ያዘልላል። ስለዚህ መጀመሪያ ዙም ይደረጋል፤ ከዚያ ሥራው ወደ ኪቦርድ ይዞራል። ጄ ወደ ኋላ፣ ኤል ወደፊት ያስኬዳል፤ ኬ ያቆማል። ኤል ሲደገም ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ኬ ተይዞ ኤል አንድ ጊዜ ሲነካ ፕሌይሄዱ አንዲት ፍሬም ብቻ ይራመዳል። የግራና የቀኝ ቀስቶችም እንዲሁ አንድ አንድ ፍሬም ናቸው። ሺፍት ሲጨመርበት ፕሪሚየር ፕሮ 5 ፍሬም፣ ፋይናል ከት ፕሮ 10፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭ አንድ ሰከንድ ይሄዳሉ። ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው የሚዛወር ሰው ይህን ካላወቀ ጣቱ ያሳስተዋል። ርቀቱ አስቀድሞ ከታወቀ ታይምኮዱ ላይ +12 ብሎ መጻፍ ከሁሉም ይፈጥናል።

ብዙ ጀማሪ የሚወድቅበት ቦታ የቆረጣው ድንበር ነው። የታች ቀስት ተነክቶ ፕሌይሄዱ ቆረጣ ላይ ሲቆም የሚታየው የሚቀጥለው ክሊፕ የመጀመሪያ ፍሬም ነው። እዚያው የአውት ነጥብ፣ ማለትም የሚወሰደው ክፍል ማብቂያ፣ ከተደረገ የምትታየዋ ፍሬም አብራ ትገባለች፤ ሲጫወት መጨረሻው ላይ ባዕድ ምስል ብልጭ ይላል። መድኃኒቱ ግራ ቀስትን አንድ ጊዜ ነክቶ አውቱን ማድረግ ነው።

ድምፅ ከፍሬም ይደቅቃል። በሰከንድ 48,000 ሳምፕል የተቀረጸ ድምፅ በአንዲት የ25 ፍሬም ውስጥ 1,920 ሳምፕል አለው፤ ስለዚህ ታይምላይኑን ወደ ድምፅ አቆጣጠር ቀይሮ በፍሬም መሀል መግባት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ጠ፣ ቀ እና ጨ ለአማርኛ ኤዲተር ባለውለታ ናቸው፤ ከመፈንዳታቸው በፊት አጭር ዝምታ ስላለ ዌቭፎርሙ ላይ ክፍተት ሆኖ ይታያል፣ ቢቆረጥም ጆሮ አያውቀውም።

ዋልተር መርች፣ የ«ዘ ኢንግሊሽ ፔሸንት» ኤዲተር፣ ምስሉን እያጫወተ መቁረጥ የተሰማው ቅጽበት ላይ ምልክት ያደርጋል፤ መልሶ ይደግመዋል። እጁ ያቺው ፍሬም ላይ ካረፈ ቆረጣውን ያጸናል። ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ ፕሌይሄዱ 3 ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ ተመልሶ ቦታው ሁለት ጊዜ ይጫወታል፦ አንዴ በዓይን፣ አንዴ ዓይን ተጨፍኖ በጆሮ ብቻ።