ፊልሙ ካለቀ በኋላ

በዲፓርትመንታችን ስለ ፊልም ወሬ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የምንከራከረው ስለ ድርሰቱ፣ ስለ ትወናውና ስለ ካሜራው ነው። ማን ጥሩ ተወነ፣ የትኛው ታሪክ ከውጭ ተቀዳ፣ መጨረሻው ለምን እንደዚያ ሆነ እያልን ማኪያቷችን እስኪቀዘቅዝ እንጨቃጨቃለን። ፊልሙ ካለቀ በኋላ የት እንደሚገባ ግን እምብዛም አይነሳም። ማን ይገዛዋል? ለስንት ጊዜ? ተመልካቹ በር ላይ ከከፈላት መቶ ብር ስንቷ ለሠራው ሰው ትደርሳለች? ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ይኸው ጥያቄ ባለፈው ዓመት በእኔና በአራት ጓደኞቼ ላይ በተግባር መምጣቱ ነው። (በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአምስታችን አንዱ «እኛ አገር ሆሊውድ ስለሌለ ሁሉም ፊልም ነፃ ፊልም ነው» ይላል። ቀልዱ ደስ ይላል፤ ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ኢንዲፔንደንት የሚባለው ፊልም በትንሽ ገንዘብ የተሠራ ማለት ብቻ አይደለም። ገንዘብ የሰጠው ሰው «ይህችን ቁረጥ፣ ያቺን ጨምር» ብሎ ማዘዝ የማይችልበት፣ ሲያልቅም ባለቤቱ ሠሪው ሆኖ የሚቀርበት ፊልም ነው። ችግሩ ይሄ ነፃነት የሚያገለግለው እስከ ሲኒማ ቤቱ በር ድረስ መሆኑ ነው። በሩ ጋ ሲደረስ ቁልፉ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው ያለው።

ስለዚህ ቁልፍ ጉዳይ የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን ያህል የሚያስተምረን ያለ አይመስለኝም። ጎንደር ተወልደው በ1967 ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ መጀመሪያ ቺካጎ ውስጥ ቴአትር፣ ቀጥሎ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማሩ። በ1976 የወጣውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በአብዮቱ ሰሞን አገር ቤት መጥተው በጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ ሙያተኛ ባልሆኑ ተዋንያን ቀረጹት። ከ1975 ጀምሮም ዋሽንግተን ባለው ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተማሩ። ይህንን ሁሉ የምጠቅሰው ግን ወደ «ሳንኮፋ» ለመድረስ ነው።

«ሳንኮፋ» የባሪያ ፍንገላን ታሪክ የሚያሳይ ፊልም ነው። ጋና የባሕር ዳርቻ ባለው ጥንታዊ የባሪያ ምሽግ ፎቶ የምትነሳ አንዲት ዘመናዊት ሞዴል ወደ ኋላ ተወስዳ በእርሻ ላይ ባሪያ ሆና ትገኛለች። ፊልሙ በ1993 በርሊን ፌስቲቫል ላይ ለውድድር ቀረበ። ከዚያ በኋላ የሚጠበቀው አንድ የአሜሪካ አከፋፋይ ድርጅት ገዝቶ በየሲኒማ ቤቱ እንዲያሳየው ነበር። የሚወስደው ጠፋ። በርሊን የተወዳደረ ፊልም፣ ለዓመታት የተለፋበት፣ ቆርቆሮ ውስጥ ታሽጎ ቀረ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልግለጽ። በተለመደው አሠራር አከፋፋዩ ፊልሙን ወስዶ ኮፒ ያሳትማል፤ በዚያን ጊዜ ኮፒ ማለት ብዙ ጥቅል ሴሉሎይድ ስለሆነ ዋጋው ቀላል አልነበረም። ማስታወቂያ ያስነግራል፣ ከሲኒማ ቤቶች ጋር ይዋዋላል። ቲኬት ሲሸጥ መጀመሪያ ሲኒማ ቤቱ ድርሻውን ያነሳል። ከቀረው አከፋፋዩ የድካሙን ይወስዳል፤ ቀጥሎ የኮፒና የማስታወቂያ ወጪውን ይቀንሳል። የተረፈ ካለ ለሠሪው ይደርሰዋል። እንግዲህ ከሁሉ በፊት ገንዘብ ያወጣው ሰው ከሁሉ በኋላ ነው የሚከፈለው። እኔ ይህን ሳነብ የታክሲ ሰልፍ ነው ትዝ ያለኝ፤ ቀድሞ የመጣው መጨረሻ የሚሳፈርበት።

ፕሮፌሰር ኃይሌና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና፣ እሳቸውም ፊልም ሠሪ ናቸው፣ ሰልፉን ትተው ወጡ። ዋሽንግተን ውስጥ ሲኒማ ቤት በራሳቸው ገንዘብ ተከራዩ። አሜሪካኖች ለዚህ አሠራር «አራቱን ግድግዳ መከራየት» የሚል አባባል አላቸው። ለአዳራሹ የተቆረጠ ኪራይ ትከፍላለህ፤ ከዚያ በኋላ በር ላይ የሚገባው ብር በሙሉ ያንተ ነው። ሰው ካልመጣም ኪራዩ ያንተ ነው። ለጋዜጣና ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረ በአብያተ ክርስቲያናት፣ በተማሪ ማኅበራት፣ በመጻሕፍት መደብሮችና በጥቁሮች ሬዲዮ በኩል ሰው ለሰው እየተነጋገረ ወሬው ተዳረሰ። ፊልሙ ለሳምንታት ሰው ሲያሰልፍ ቆየ። ከዚያም በሌሎች ከተሞች ያሉ ሰዎች እየተደራጁ በየከተማቸው አዳራሽ እየተከራዩ አሳዩት።

ከዚህ ገቢ የተረፈው የት ገባ? ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ቤት ተገዛበት። ስሙም «ሳንኮፋ» ነው፤ መጽሐፍና ፊልም ይሸጥበታል፣ ካፌም አለው፣ የፊልም ሥራቸውም እዚያው ነው የሚሠራው። ዋሽንግተን የሚኖር ዘመድ ያላችሁ ብትጠይቁ ቤቱን ሳያውቀው አይቀርም። በ2021 ደግሞ ፊልሙ ታድሶ በአቫ ዱቨርኔይ አከፋፋይ ድርጅት በኩል ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። ልብ በሉ፤ 28 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። በ1993 ተስፋ ቆርጠው መብቱን በርካሽ ሸጠውት ቢሆን ኖሮ በ2021 የሚዋዋሉበት ነገር በእጃቸው አይኖርም ነበር።

በእርግጥ ይህንን ታሪክ እንደ ተረት ማውራት አይገባም። ፕሮፌሰሩ የመምህር ደመወዝ ነበራቸው፤ ያም ሆኖ በ2008 ቬኒስ ላይ፣ በ2009 ደግሞ ኡጋዱጉ ላይ የተሸለመውን «ጤዛ»ን ለመጨረስ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። የኢትዮጵያው ክፍል ከተቀረጸ በኋላ የጀርመኑን ለመቅረጽ ገንዘብ እስኪገኝ ሥራው ቆሞ ነበር። ተዋናይ እኮ ያረጃል፣ ፀጉሩ ይለወጣል! እኛ በሁለት ሳምንት ልዩነት አንዷ ተዋናያችን ሹሩባ ተሠርታ መጥታ ያሳየችንን ጉድ እኛው ነን የምናውቀው።

መንገዱን የጀመሩት እሳቸው አይደሉም። ኦስካር ሚሾ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ደራሲ በ1919 የመጀመሪያ ፊልሙን ሲያወጣ ካፒታሉን ያገኘው ለገበሬዎች ሳይቀር አክሲዮን እየሸጠ ነው፤ በኋላም ፊልሞቹን ይዞ ከከተማ ከተማ እየዞረ ሲኒማ ቤቶችን ያግባባ ነበር። በ1971 ደግሞ ሜልቪን ቫን ፒብልስ ፊልሙን መጀመሪያ የተቀበሉት ሁለት ሲኒማ ቤቶች ብቻ ሲሆኑ፣ ዘፈኖቹን ከፊልሙ አስቀድሞ በሸክላ አውጥቶ ማስታወቂያ አደረጋቸው።

በሙዚቃ ነገር ግን የቻርልስ በርኔትን ታሪክ ሳላነሳ አላልፍም፤ ለእኛ ለተማሪዎች ከሁሉም ይቀርበናል። በርኔት የፕሮፌሰር ኃይሌ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው። «ኪለር ኦቭ ሺፕ» የተባለውን ፊልም ቅዳሜና እሁድ እየቀረጸ፣ ከ10,000 ዶላር ባነሰ ወጪ ሠርቶ በ1977 ለመመረቂያ አቀረበው። ፊልሙ ውስጥ የታወቁ ዘፈኖች ነበሩ፤ ፈቃድ አልተገዛላቸውም። በዚህ ምክንያት ሲኒማ ቤት በወጉ የገባው በ2007 ነው። ለዘፈኖቹ ፈቃድ የተከፈለው 150,000 ዶላር ያህል ነበር፤ ከፊልሙ ወጪ ከአሥር እጥፍ በላይ! ይህንን ክፍል ውስጥ የሰማን ቀን ነው የኛ ፊልም ሙዚቃ በአንድ የክፍል ጓደኛችን ክራር ብቻ እንዲሆን የወሰንነው። ወረቀት ላይም አስፈርመነዋል። መጀመሪያ ሲስቅብን ነበር።

እንግዲህ ወደ እኛው ልምጣ። ፊልማችን «አንድ ሰው» ይባላል፤ 52 ደቂቃ ነው። ወንድሟ ሲታመም በእሱ ምትክ ታክሲ ላይ ረዳት ስለሆነች ልጅ ነው። የቀረጽነው በሁዳዴ ነው። ለምን ቢባል፣ በሁዳዴ ሠርግ ስለሌለ ሠርግ ቀራጮች ሥራ ይፈታሉ፤ ካሜራውን ከነመብራቱ በግማሽ ዋጋ አከራዩን። ለተዋንያን ምሳም ሽሮና በየዓይነቱ ስለሆነ አልከበደንም። የከበደን ታክሲው ነው። ባለቤቱ የቀን ገቢውን ሒሳብ አድርጎ ነው የጠየቀን፤ እውነቱን ነው። ከዚያ ደግሞ ደብዳቤ አለ፦ ከኮሌጅ ለወረዳ፣ ከወረዳ ለፖሊስ። መንገድ ዳር ካሜራ በቆመ ቁጥር «ደብዳቤ አላችሁ?» የማይል የለም።

ጠቅላላ ወጪያችን 86 ሺህ ብር ሆነ። አምስታችን ሰባት ሰባት ሺህ አዋጣን። የቀረውን 51 ሺህ የሰጡን የካሜራዋ ልጅ እናት ናቸው። በርበሬና ሽሮ አዘጋጅተው የሚሸጡ ሴት ናቸው፤ የዕቁብ ዕጣ ወጥቶላቸው ነበር። ዕቁብ የገባ ሰው እንደሚያውቀው ዕጣው ቢወጣም መጣሉ አይቀርም፤ ዙሩ እስኪያልቅ በየሳምንቱ ይከፈላል።

ፊልሙ እንዳለቀ አንድ ነጋዴ ደወለልን። ዩቲዩብ ላይ ቻናል አለው። 60 ሺህ ብር በአንድ ጊዜ እከፍላለሁ አለ። ውሉ ሁለት ገጽ ነበር። ለዘለዓለም፣ በማንኛውም አገር፣ ወደፊት በሚፈጠር በማንኛውም ቴክኖሎጂ ጭምር መብቱ የሱ ይሆናል። ማሳጠርም ሆነ ርዕሱን መለወጥ ይችላል። ከአምስታችን ሁለቱ እንሽጥ አሉ። እኔ አልፈርድባቸውም፤ የሰው ዕቁብ በልተን መቀመጣችን እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነው። ወደ እናትየው ሄደን ነገርናቸው። «ለመሆኑ ሰው አይቶታል?» አሉን። አላየውም አልናቸው። «እኔ ሳላስቀምስ የሸጥኩት በርበሬ የለም» ብለው ወደ ወንፊታቸው ተመለሱ።

አንድ ሲኒማ ቤት ጠየቅን። ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ፣ የቲኬቱ ግማሽ ለቤቱ፣ ፖስተር በእኛ፤ ከአርባ ሰው ካነሰ አይታይም አሉን። ማክሰኞ ጠዋት ማን ፊልም ያያል? ስለዚህ አራቱን ግድግዳ ተከራየን። ኪራይ 15 ሺህ፣ ፖስተር 3 ሺህ፤ ፕሮጀክተሩን ዲፓርትመንታችን አዋሰን፤ በዚህ አጋጣሚ ላመሰግን እወዳለሁ።

ማስታወቂያውን የሠሩልን የታክሲ ረዳቶች ናቸው። ተራ አስከባሪዎቹን አነጋግረን ትንንሽ ፖስተር ታክሲዎቹ ውስጥ ለጠፍን። እኛ ቅዳሜ ከሰዓት አስበን ነበር፤ «ቅዳሜማ ገበያችን ነው፤ እሁድ ጠዋት አድርጉት» አሉን። ደግሞ የፊልሙ ስም እነሱ ቀኑን ሙሉ የሚጣሩት ቃል ነው። «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ብሎ የጠራ ረዳት ሁሉ ሳይከፈለው አስተዋወቀልን። ሦስት መቶ መቀመጫ ካለው አዳራሽ 214 ቲኬት በመቶ በመቶ ብር ሸጥን። ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ነጠላ የለበሱ እናቶች አንድ በኩል፣ ረዳቶቹ ከኋላ ወንበር ላይ። ልጅቷ መልስ ያስቀረችበት ቦታ ላይ አዳራሹ ሲስቅ ክላስ ውስጥ ስናሳየው ማንም እንዳልሳቀበት ትዝ አለኝ። እንደምታስቡት ሀብታም አልሆንም፤ ኪራይና ፖስተር ተቀንሶ 3,400 ብር ተረፈ። እሷም ለእናትየው ተሰጠች።

ነጋዴው ከዚያ በኋላ እንደገና ደውሎ 70 ሺህ አለ። እሁድ የመጣውን ሰው ሰምቷል ማለት ነው። እኔ በበኩሌ የፊልም መብት እንደ ሙክት በሬ ነው የሚል ሐሳብ ይዤያለሁ፤ ብልት በብልት ይሸጣል። አዳራሽ ለብቻ፣ ቴሌቪዥን ለብቻ፣ ኢንተርኔት ለብቻ፣ ውጭ አገር ለብቻ፣ ሁሉም ከነዘመኑ። ስለዚህ ሌላ ወረቀት አዘጋጅተናል፦ ኢንተርኔት ብቻ፣ ለሁለት ዓመት፣ ሳይቆረጥ፣ ስሙ ሳይለወጥ፣ በ40 ሺህ። አልመለሰልንም። ሁለቱ ጓደኞቼ አሁንም 70 ሺውን እንቀበል ይላሉ፤ ዕዳው ተከፍሎ ለእያንዳንዳችን ትንሽ ይተርፈናል፤ ሒሳቡ ትክክል ነው። በሌላ በኩል አንድ ሌላ ኮሌጅ አዳራሹን በነፃ ሰጥቶናል፤ ፊልሙ የሚታየው የፊታችን እሁድ ጠዋት 4 ሰዓት ነው። ድምፅ የምንሰጠው በማግስቱ ሰኞ ነው፤ የእናትየው ዕቁብ የሚጣለውም ሰኞ ነው።