ዳክዬ ለቃሚው ከመድረክ ሲዘል

ላብራዶር ሪትሪቨር ውኃ ሲያይ አያስችለውም። ዘሩ የሚመዘዘው ከካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ነው፤ ቅድመ አያቶቹ በዚያ ቀዝቃዛ ባሕር ከዓሣ አጥማጆች ጋር መረብና ገመድ ሲጎትቱ ኖረዋል። በጣቶቹ መካከል የተወጠረው ስስ ቆዳ ይቀዝፍለታል፤ ወፍራም ጅራቱ አቅጣጫ ያስይዘዋል።

ታዲያ ዳክዬ የሚለቅምበት የአደን ወቅት ሲያልፍ ምን ይሥራ?

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1997 ለሕዝብ የቀረበው የመድረክ ዝላይ፣ ማለትም ውሾች ከመድረክ ወደ ውኃ በርቀት የሚዘሉበት ውድድር፣ ለእንዲህ ያለው ውሻ ልክ ነው። መድረኩ 12 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከውኃው በላይ ያለው ከፍታ 60 ሳንቲሜትር ግድም ነው። ርቀቱ የሚለካው ከመድረኩ ጠርዝ አንስቶ የውሻው ጅራት ሥር ውኃውን እስከሚነካበት ነው። አፍንጫው የቱንም ያህል ቢቀድም አይቆጠርለትም።

ፈተናው ያለው ሌላ ቦታ ነው። አዳኝ ሪትሪቨር የተማረው መታገሥን ነው፤ ጥይት ቢጮኽ፣ ዳክዬ ቢወድቅ፣ ካልታዘዘ ንቅንቅ አይልም። እዚህ ግን የተወረወረ መጫወቻ እያሳደደ እንዲበር ይፈለጋል። ባለቤቱ መጫወቻውን ከአፍንጫው ትንሽ አስቀድሞ፣ ከፍ አድርጎ ከወረወረ ውሻው ደረቱን አንሥቶ ይወነጨፋል፤ ዝቅ ካደረገበት በሆዱ ይንቦጫረቃል። በአደን ያገኘው ትዕግሥት እንዳይበላሽ ደግሞ ለመድረኩ የራሱ መጫወቻና የራሱ ትእዛዝ ቢኖረው ይበጃል።

ጀማሪውን ውሻ ገፍትሮ ውኃ ውስጥ መጣል ግን ጭካኔ ነው። በመጀመሪያ በመወጣጫው በኩል ቀስ ብሎ ይግባ፤ መውጫውን አይቶ ይልመደው።