ገመዱ የተበጠሰ መስኮት

በ1980ዎቹ ዋሽንግተን ዲሲ የገባ ኢትዮጵያዊ፣ ከአገሩ ልጅ ጋር በፖለቲካ ከመጣላቱ በፊት ከተከራየው ቤት መስኮት ጋር ይጣላ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የማነሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አገር ቤት መስኮት የሚከፈተው በማጠፊያ ነው፤ ገፋ አድርጎ መክፈት፣ ሳብ አድርጎ መቀርቀሪያውን መጣል፣ በቃ። የዋሽንግተኑ የእንጨት መስኮት ግን ወደ ላይ ነበር የሚነሳው፤ ያውም ከተነሳ። ቀለም በቀለም ላይ ስለተደረበበት ከመቃኑ ጋር ተጣብቆ ንቅንቅ አይልም። በስንት ትግል ሲነሳ ደግሞ ላይ መቆም አይሆንለትም፤ ለቀቅ ሲያደርጉት እንደ ወጥመድ ዱብ ይላል። በዚህ የተነሳ በየመኝታ ቤቱ የመጥረጊያ እንጨት ስባሪ ወይም ወፍራም የስልክ ማውጫ አይጠፋም ነበር። ሥራው መስኮት መደገፍ ነው።

ያኔ ብዙዎቻችን የሰፈርነው አዳምስ ሞርጋንና ማውንት ፕሌዘንት ነበር። ከ1974ቱ አብዮት በፊት ለትምህርት መጥተው መመለሻ ያጡ ነባሮች ነበሩ፤ የ1980ው የስደተኞች ሕግ ከወጣ በኋላ ደግሞ በሱዳን በኩል የመጣነው ተጨመርን። ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ታክሲ፣ በመሃል ትምህርት ቤት። 18ኛው ጎዳና ላይ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች አንዱ ከሌላው እየተከተሉ ሲከፈቱ፣ እኛ ከጀርባ ባሉት መንገዶች አንድን ቤት ለብዙ ተካፍለን እንኖር ነበር። ቤቶቹ በአብዛኛው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የተሠሩ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ የጡብ ቤቶች ናቸው። ግራና ቀኙ ጎረቤት ስለሆነ ብርሃንም አየርም የሚገባው ከፊትና ከኋላ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ቤት መስኮቱ ካልሠራ ቤቱም አልሠራም ማለት ነው።

የብርዱ ወራት ሲመጣ ጠቡ ይከርራል። ነፋሱ በመዝጊያውና በመቃኑ መካከል እያፏጨ ይገባል፤ መጋረጃው መስኮቱ ተዘግቶ ሳለ ይወዛወዛል። እኛም ከአገር ቤት ያመጣነውን ዘዴ ሁሉ ሞከርን። ጋዜጣ አጥፎ በክፍተቱ መጠቅጠቅ፣ አሮጌ ሹራብ ደፉ ላይ ማጋደም፣ ሲብስም ጋቢ በመጋረጃው ላይ መስቀል። ባለቤቲቱ ምድር ቤት የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካዊት መበለት ነበሩ፤ ሁላችንም ‘ማዘር’ ነበር የምንላቸው። ጋዜጣችንን አይተው ሳቁና ከሱቅ አንድ ጥቅል አመጡልን። እንደ ክር የተጠቀለለ፣ ሲነኩት ሊጥ ሊጥ የሚል ግራጫ ማሸጊያ ነው። በአውራ ጣት እየተጫኑ በክፍተቱ ዙሪያ ማስያዝ፣ ሲሞቅ ደግሞ ልጦ መጣል ነው። ቀጭኑን ፕላስቲክ በመቃኑ ዙሪያ አጣብቀን በፀጉር ማድረቂያ እያሞቅን እንደ ከበሮ ቆዳ መወጠርንም ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲያ እስከ መጋቢት መስኮት መክፈት የለም፤ ሽንኩርት ሲቁላላ ጢሱም ሽታውም እዚያው አብሮን ይከርማል።

ከመስኮቱ ጋር ያስታረቁን አንድ የቤታችን ሰው ነበሩ። ጋሼ ነበር የምንላቸው። አገር ቤት አናጢ ነበሩ፤ እዚህ ግን ታክሲ ይነዱ ነበር። አንድ እሑድ መዶሻ፣ ካቻቢቴ፣ ስስ ቢላና አንድ ጥቅል የጥጥ ገመድ ይዘው ወደ ክፍሌ ገቡ። ‘መስኮቱ አልተበላሸም፤ ገመዱ ነው የተበጠሰው’ አሉ። እኔ ገመድ እንዳለው አላውቅም ነበር፤ ከእኔ በፊት የኖሩት ተከራዮችም አላወቁም መሰለኝ፣ መስኮቱን የደገፉበትን ዱላ ከቤቱ ጋር ነው የወረስኩት።

አሠራሩን ያየሁት ያን ቀን ነው። መስኮቱ ሁለት መዝጊያ አለው፤ አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች። የላይኛው በውጭ በኩል፣ የታችኛው በውስጥ በኩል በየራሱ መሄጃ ይንሸራተታል። በመቃኑ ግራና ቀኝ፣ ከእንጨቱ ጀርባ፣ ባዶ ሣጥን ተደብቋል። በሣጥኑ ውስጥ እንደ አጭር ዱላ ያለ የብረት ክብደት በገመድ ተንጠልጥሏል፤ ገመዱ ከላይ ባለች ትንሽ መዘውር ዞሮ ከመዝጊያው ጎን ላይ ይታሰራል። መዝጊያው ሲነሳ ብረቱ ይወርዳል፤ መዝጊያው ሲወርድ ብረቱ ይነሳል። ክብደታቸው ስለተመጣጠነ አንድ ሕፃን በአንድ እጁ ያነሳዋል፤ ባቆመበትም ይቆማል። ገመዱ ሲበጠስ ብረቱ ሣጥኑ ውስጥ ይወድቅና መዝጊያው ብቻውን ይቀራል። የእኛ ዱላ የዚያን የወደቀ ብረት ሥራ ነበር የሚሠራው።

ጋሼ በየመገጣጠሚያው የተጋገረውን ቀለም በቢላ ሰነጠቁ፤ መዝጊያዎቹን የያዘውን ቀጭን እንጨት ነቅለው ሁለቱንም አወጡ። መቃኑ ግርጌ ላይ በብሎን የተያዘች ትንሽ ክዳን ነበረች፤ ማንም እንዳያያት በቀለም ተሸፍናለች። ከፈቷትና እጃቸውን አስገብተው ለስንት ዓመት እንደተቀበረ የማይታወቀውን ብረት አወጡ። አዲሱን ገመድ በመዘውሩ ለማሳለፍ ቀጭን ሲባጎ ጫፍ ላይ የታጠፈ ምስማር አስረው ወደ ሣጥኑ ለቀቁት፤ ምስማሩ በክብደቱ ወርዶ ክዳኗ ዘንድ ብቅ አለ። የቀረው መጎተትና መቋጠር ነበር። ይህን ቤት የሠራው አናጢ፣ ገመድ አንድ ቀን እንደሚበጠስ አውቆ ለሚጠግነው ሰው በር ትቶለት ነበር የሄደው። ጋሼ ያችን ክዳን ደጋግመው እያሳዩን፣ ‘ይኼ ሰው ከሞተ በኋላ እንኳ አብሮኝ እየሠራ ነው’ ይሉ ነበር።

ሚዛኑም ዝም ብሎ የተጣለ አልነበረም። የላይኛው መዝጊያ ብረቶች ከመዝጊያው ጥቂት ከበድ ይላሉ፤ ስለዚህ ላይ እንደተሰቀለ ይቆያል። የታችኛው ደግሞ ከብረቶቹ ጥቂት ስለሚከብድ ተዘግቶ ይቀመጣል። መሃል ላይ ያለው ግማሽ ጨረቃ የመሰለው መቀርቀሪያም የሌባ መከላከያ ብቻ መስሎን ነበር። ዋናው ሥራው ግን ሁለቱን መዝጊያዎች አቅርቦ ማጣበቅ ነው፤ የሚገናኙት አግዳሚዎች ሰያፍ ተደርገው የተላጉ ስለሆኑ መቀርቀሪያው ሲዞር እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ነፋሱም መግቢያ ያጣል። ከዚያ ጋሼ ስስ የነሐስ ጥብጣብ በመዝጊያው መሄጃ ላይ በጥቃቅን ምስማሮች መቱ። ጥብጣቡ አንድ ጠርዙ ተለቆ ስለሚነሳ መዝጊያው ሲዘጋ ይጫነዋል፣ እሱም መልሶ ይገፋል፤ በዚህ ክፍተቱ ይደፈናል። ነሐስ ስለማይዝግ ቀለም ካልተቀባ ብዙ ዘመን ያገለግላል። መስታወቱን የያዘው ደርቆ የተሰነጣጠቀ ስቱኮም በአዲስ ተተካ። ከጠመኔ ዱቄትና ከተልባ ዘይት የተለወሰ መሆኑን ጋሼ ሲነግሩን፣ ተልባ ለጾም ፍትፍት ብቻ የሚመስለው ሁሉ ተገረመ።

የመስኮቱ ሙሉ ጥቅም የታየን በበጋ ነው። ዋሽንግተን በሐምሌ የምታልብ ከተማ ናት፤ ሙቀቱ ላይ ወበቅ ይጨመርበታል፤ አየር ማቀዝቀዣም የሁሉም ቤት ዕቃ አልነበረም። የላይኛውን መዝጊያ ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ በእኩል ሲከፍቱት የሞቀው አየር በላይኛው ክፍተት ይወጣል፤ ቀዝቀዝ ያለው ከታች ይገባል። በየቤቱ የላይኛው መዝጊያ ለዘመናት በቀለም ተጣብቆ ስለኖረ መከፈቱ ራሱ ተረስቶ ነበር። ማታ ማታ በዚያ መስኮት የኮሎምቢያ ሮድ ሳልሳ፣ የጎረቤት ቴፕ፣ ከሥራ የሚገቡ ልጆች ጨዋታ ይሰማ ነበር። ደብዳቤ ከአገር የደረሰው ሰው መንገድ ላይ ሆኖ ስሙን ይጠራል፤ የሚመለከተው ከላይ አንገቱን ያወጣል። ጋሼም በሰፈሩ ታወቁ፤ የኤል ሳልቫዶር ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ ገመድ ገዝተው እየጠበቁ ይወስዷቸው ነበር።

ነባሮቹ እንደሚያወጉን ከሆነ ቤትን ከነፋስ የመጠበቅ ጉዳይ የመንግሥት አጀንዳ የሆነው ከ1973ቱ የነዳጅ ማዕቀብ ወዲህ ነው። በ1978 የወጣው የግብር ሕግ መስኮቱን በማሸጊያ ለሚያጠብቅ ወይም በውጭ በኩል ተጨማሪ የአውሎ ነፋስ መስኮት ለሚያስገጥም ሰው ከወጪው 15 በመቶ፣ እስከ 300 ዶላር ድረስ ከግብሩ ይቀንስለት ነበር። ባለ አሉሚኒየም የውጭ መስኮቶች በዚያ ዘመን በየቤቱ የተለመዱ ነበሩ። ጋሼ በእነዚህም ላይ አንድ ምክር ነበራቸው፤ ከግርጌ ያሉትን ትናንሽ ቀዳዳዎች አትድፈኑ። ውኃው መውጫ ካጣ ደፉ ላይ ይተኛል፣ እንጨቱም ይበሰብሳል። ብርድን እንከላከላለን ብለው ቀዳዳዎቹን የደፈኑ ቤቶች ደፋቸው በጣት የሚፈርስ ሆኖ አይተናል።

ከዚያ ወደ ውስጥ የሚጋደመው መስኮት ዘመን መጣ። ሻጮች በር እያንኳኩ በራሪ ወረቀት ይበትኑ ነበር። እውነቱን ለመናገር የሚሸጡት ዕቃ ከንቱ አልነበረም። አሮጌውን መስኮት በውጭ በኩል ለማጠብ ደፉ ላይ ተቀምጦ ወገብን ወደ መንገድ ማውጣት ይጠይቅ ነበር፤ ማዘር በስተርጅና እንዲያ ሲያደርጉ አይተን ልባችን ቀጥ ብሏል። አዲሱ ግን ታችኛው ማዕዘኖቹ ላይ መሽከርከሪያ ዘንግ፣ ከላይ ግራና ቀኝ ትናንሽ መቀርቀሪያዎች አሉት። መቀርቀሪያዎቹን ወደ መሃል ሳብ ሲያደርጓቸው መዝጊያው ወደ ክፍሉ ይጋደማል፤ ቤት ውስጥ ቆመው ይወለውሉታል። አሮጌውን የእንጨት መዝጊያ እንደዚያ የሚቀይሩ ዕቃዎችም ነበሩ፤ በመቃኑ ግራና ቀኝ ስፕሪንግ ያለው የፕላስቲክ መሄጃ ይገጠማል፣ መዘውሩ ይነቀላል፣ የብረት ክብደቶቹም ሥራ ይፈታሉ። የአሮጌው ቀለም እርሳስም እውነተኛ አደጋ ነበር። አሜሪካ የእርሳስ ቀለምን ለመኖሪያ ቤት የከለከለችው በ1978 ነው፤ ከዚያ በፊት በዚህ ቀለም የተቀባ መዝጊያ በተንሸራተተ ቁጥር የሚረግፈው ብናኝ ሕፃናትን ይመርዛል።

ችግሩ የታየው ቆይቶ ነው። ስፕሪንጉ ሲላላ ልኩ የሆነው መለዋወጫ ከፋብሪካው ጋር አብሮ ጠፍቷል። በድርብ መስታወቶቹ መካከል ያለው እሽግ ሲለቅ ውስጡ ይጉም ጀመር፤ የጎመውን መስታወት የሚወለውል እጅ አይገባበትም። ሲበላሽ የሚደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መንቀልና ሌላ መግዛት። በ2012 የአሜሪካ ብሔራዊ የቅርስ ጥበቃ ትረስት ያወጣው ጥናት፣ አሮጌ መስኮት ተጠግኖ ማሸጊያና የውጭ መስኮት ሲደረግለት ኃይል በመቆጠብ ወደ አዲሱ እንደሚጠጋ፣ ወጪው ግን በጣም እንደሚያንስ አሳየ። ጋሼ በአንድ ጥቅል ገመድና በነሐስ ጥብጣብ ያሉት ይህንኑ ነበር። ግን ጥናቱ ሲወጣ መስኮቶቹ ከየመቃናቸው ወጥተው አልቀው ነበር፤ ቀስ ብሎ ባደገ ጥቅጥቅ ያለ እንጨት የተሠሩት መዝጊያዎች ወደ ቆሻሻ፣ ብረቶቹ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ።

እኛም ከመስኮቶቹ ጋር ሄድን። ኪራዩ ሲንር አንዳንዱ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዳንዱ ወደ አሌክሳንድሪያ ተበተነ። ማዘር አረፉና ልጆቻቸው ቤቱን ሸጡት። ዛሬ በከተማዋ ታሪካዊ ቀበሌዎች ውስጥ የቤት ፊት መስኮት ለመቀየር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የገመድ መስኮት የሚጠግን ባለሙያም ቀጠሮ ተይዞለት የሚጠበቅ ሰው ሆኗል። እኛ በነበርንበት ጊዜ ግን ያ ሙያ የታክሲ ነጂ የእሑድ ሥራ ነበር፤ ክፍያውም አብዛኛውን ጊዜ ምሳና ቡና።

አዲስ አበባም በሌላ መንገድ ተመሳሳይ ቦታ ላይ ደርሳለች። የአናጢው የእንጨት መስኮት ለኤል ቲ ዜድ ብረት ቦታውን ለቀቀ፣ ብረቱ ደግሞ ለአሉሚኒየም። አሮጌ የእንጨት መስኮት ያለው ቤት የወረሳችሁ ወይም የገዛችሁ፣ እዚያም ሆነ እዚህ፣ ከማስነቀላችሁ በፊት አንድ አናጢ ጥሩና አሳዩት። የተበላሸው መስኮቱ ነው ወይስ ማጠፊያው፣ ገመዱ፣ ስቱኮው ብላችሁ ጠይቁ። አሜሪካ ያላችሁ፣ ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ቀለሙን ሳታስመረምሩ አትፋቁት፣ ሕፃናትንም ከክፍሉ አርቁ። መጠገን የማይቻል ሆኖ ከተገኘ ቀይሩት፤ የሚቻል ከሆነ ግን ለባለሙያው የሚከፈለው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ለአዲስ መስኮት ከሚከፈለው ያንሳል፣ ሙያውም አብሮ ይቆያል።